ልጅ ለዘገየባችሁ ባልና ሚስት፦ ከመክፈላችሁ በፊት



የቤተሰብ ምጣኔ ሲባል ልጅ መመጠን ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ልጅ ፈልገው ያጡትን መርዳትም የሥራችን አንዱ ክፍል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት ከ6 አዋቂዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ ይህ ችግር ያጋጥመዋል። ስለዚህ እርግማን አይደለም፤ የጤና ጉዳይ ነው።

መከላከያ ሳትወስዱ 12 ወር አብራችሁ ኖራችሁ እርግዝና ካልመጣ ተመርመሩ። ሚስት 35 ዓመት ከሞላት 6 ወር ይበቃል። ሁለታችሁም አብራችሁ ኑ! የባል የዘር ፈሳሽ ምርመራ ቀላል ነው፤ ሰውነትም አይነካም። ይህ ሳይደረግ ሚስት ብቻዋን ከሐኪም ሐኪም ስትንከራተት ዕድሜም ገንዘብም ያልቃል።

“የጤና መድኅን ይከፍልልናል ወይ?” ትሉናላችሁ። ሕክምናውን በሁለት ከፍላችሁ እዩት።

የመጀመሪያው ለመውለድ እንቅፋት የሆነውን በሽታ ማከም ነው፤ ለምሳሌ በአባላዘር በሽታ የመጣ ኢንፌክሽን ወይም የማህፀን እጢ። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን፣ ቋሚ ደመወዝ ለሌላቸው ቤተሰቦች የቆመ ነው። ውል በገባባቸው የጤና ተቋማት የተመላላሽና የአልጋ ሕክምናን፣ የላቦራቶሪ ምርመራንና ቀዶ ሕክምናን ይሸፍናል። አባል ከሆናችሁ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ወደ ሆስፒታል የምትሄዱትም በሪፈር ወረቀት ይሁን።

ሁለተኛው አይ.ቪ.ኤፍ. የሚባለው፣ እንቁላልና ዘር በላቦራቶሪ የሚገናኙበት ሕክምና ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2019 ማዕከል እስኪከፍት ድረስ በመንግሥት ሆስፒታል አይገኝም ነበር። ይህ ሕክምና ውድ ነው፤ በብዙ አገሮችም ወጪው በባልና ሚስት ላይ ይወድቃል። በመሥሪያ ቤታችሁ በኩል መድኅን ካላችሁ፣ የመካንነት ሕክምና ይካተት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በቃል “አዎ” መባሉ አይበቃም።

ሕክምናውን ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መድኃኒቱን ጨምሮ ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው? ባይሳካ ለሁለተኛው ሙከራ ስንት እንከፍላለን? በእኛ ዕድሜ የመሳካት ዕድሉ ምን ያህል ነው? ከሚሞከረው አብዛኛው በአንድ ጊዜ አይሳካም። ስለዚህ ቤታችሁን ሸጣችሁ ሁሉን ለአንድ ሙከራ አታውሉ።

ጥያቄ ያላችሁ ባልና ሚስት ሆናችሁ ወደ ክሊኒካችን ብቅ በሉ፤ ምስጢራችሁ የተጠበቀ ነው።