ትሉን ሳይለዩ መርጫ አያንሱ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ከአዋሽ ከተማ ቁልቁል ሰመራ አጠገብ እስካለችው ዱብቲ ድረስ በሸለቆው ጥጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲለማ ቆይቷል። ከጥጡ ጋር አብሮ የሚታወቀው ጠላት ጓይ ትል ነው። ይህ ትል በጥጥ ብቻ አይወሰንም፤ በጓሮ ያለውን ቲማቲም፣ ቃሪያና ባሚያም ይበሳል። በመሆኑም በጓሮው ትል ያየ ሰው ከማሳ የተረፈውን የጥጥ መድኃኒት ማንሳት ይቀናዋል። ጥጥ ግን አይበላም፤ ቲማቲሙ ደግሞ በማግሥቱ ከልጆች ገበታ ይቀርባል።

ስለዚህ መለየት ይቅደም። ጓይ ትል አረንጓዴ፣ ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ሊሆን ስለሚችል በቀለም ብቻ አይታወቅም። በግራና ቀኝ ጎኑ ነጣ ያለ መስመር አለው፤ ሲያድግ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱን ፍሬው ውስጥ ከቶ፣ ኋላውን ውጭ ትቶ ይገኛል።

የቲማቲሙ ቅጠል ውስጡ ተቦርቡሮ ስስ ሽፋን ብቻ ከቀረና ትሉ ከ1 ሳንቲ ሜትር ካነሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ የታወቀው ቱታ አብሶሉታ መሆኑ ይጠረጠራል። በጓሮ በቆሎ ላይ ተገኝቶ ከጭራው አጠገብ አራት ጥቁር ነጥቦች በአራት ማዕዘን ከታዩበት፣ በ2009 ዓ.ም. በሸካ ዞን የኪ ወረዳ የታየው መጤ ተምች ነው። ችግኝ ሌሊት ከግርጌው ተቆርጦ ካደረ አፈሩን ጫር ማድረግ ነው፤ ሲነኩት የሚጠቀለለው ቆራጭ ትል እዚያው ይገኛል።

ጓይ ትል አንዴ ፍሬ ውስጥ ከገባ ርጭት አይደርሰውም፤ ርጭቱ የሚጎዳው ንቡንና ትል የሚበሉትን ነፍሳት ነው። ትሉም ብዙ መድኃኒቶችን በመላመድ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው። ለጓሮ የሚሻለው ጠዋት ጠዋት በእጅ መልቀም፣ የተበሳውን ፍሬ ከነትሉ ማጥፋት፣ ምርት ካለቀ በኋላም በአፈር የተደበቀው ለፀሐይና ለወፍ እንዲጋለጥ መሬቱን መገልበጥ ነው።

ያልታወቀ ትል ሲገኝ ከበላው ቅጠል ጋር በጠርሙስ አድርጎ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ ማሳየት ይገባል። በአሚባራ ወረዳ የሚገኘው የወረር ግብርና ምርምር ማዕከልም ለሸለቆው ቅርብ ነው። ከኃላፊዎችና ከዩኒየኑ የሚጠበቀው፣ መድኃኒት ከመታደሉ በፊት «የትኛው ትል ነው?» የሚለው ጥያቄ እንዲቀድም ማድረግ ነው። ይህ ጥያቄ ገንዘብ አያስወጣም፤ የቤተሰብን ጤና ግን ይጠብቃል።

መልካም በዓል ይሁንላችሁ!