ፍርስራሹም የሕዝብ ሀብት ነው

(በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ለሚገኙ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ድንጋይና ስለ አርማታ ነው። ነገሩ ለአንዳንዶቻችሁ ተራ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን መንገድ የሚሠራው በሕዝብ ገንዘብ ስለ ሆነ ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

የምንኖርበት የሚኒሶታ ግዛት በዚህ ረገድ ትምህርት ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ1980 በወርዚንግተን በኩል የሚያልፈው 59ኛው አውራ ጎዳና ተሰነጣጥቆ ሳለ መሐንዲሶቹ አሮጌውን ኮንክሪት አንሥተው በመፍጨት 16 ማይል ያህል አዲስ መንገድ ሠሩበት። በ2017ም ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን ምዕራብ በሚገኘው ሚንሮድ በተባለው የመንገድ መፈተኛ ቦታ፣ ከአሮጌ ኮንክሪት የተፈጨ ጠጠር ከአስፋልት ሥር ተነጥፎ ተፈትኗል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አርማታው ይሰበራል፤ ፌሮው በማግኔት ይለቀማል፤ የቀረው ተፈጭቶ በወንፊት ይለያል። እንጨት፣ ጀሶና አፈር የተቀላቀለበት ለመንገድ አይበጅም። ደቃቁ ከበዛም ውሃ ሲያልፍበት ኖራ መሰል ዝቃጭ እየወጣ የመንገዱን የውሃ ማፍሰሻ ይደፍናል። ስለዚህ ሥራው ጥንቃቄና ላቦራቶሪ ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ ፍርስራሹ ከማን ቤት እንደ መጣ የማይጠይቅ መሐንዲስ ግማሽ መሐንዲስ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ 94ኛው አውራ ጎዳና በሴንት ፖል ሲዘረጋ ሮንዶ የተባለውን የጥቁሮች ሰፈር ለሁለት ከፈለው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶችም ፈረሱ። የከተማው ከንቲባ ሕዝቡን ይቅርታ የጠየቁት በ2015 ነው። ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ዘግይቶ የመጣ ይቅርታ ቤት አይሠራም።

በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ በፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። የጭቃና የእንጨት ቤት ፍርስራሽ ለመንገድ አይሆንም፤ የመሠረቱ ድንጋይና አርማታው ግን ተለይቶ ቢፈጭና ቢፈተን፣ ከካባ የሚቆፈረውንና ከሩቅ በመኪና የሚጫነውን ድንጋይ በከፊል ይተካል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ሕንፃ ሲፈርስ የሚጠቅመው ከማይጠቅመው ይለይ። ሁለተኛ፣ የተፈጨው ጠጠር ሳይመረመር አይነጠፍ። ሦስተኛ፣ ከሁሉ አስቀድሞ፣ የቤቱ ባለቤትም ተከራዩም መጠጊያ ሳያገኙ ግድግዳው አይነካ። ድንጋዩ ዳግመኛ ቦታ አግኝቶ ሰው ሜዳ ላይ ከወደቀ፣ መንገዱ ለማን ተሠራ እንላለን?

መሐንዲስነት የምትማሩ ጓደኞቼ ሆይ! ወደ አገር ስትመለሱ የመፍጫውን ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ይህንንም ጥያቄ ይዛችሁ ተመለሱ።