የሳጥናችን እጀታ
(በኢዮቤልዩ በዓላችን ለቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለምታውቀው ነገር ተናገር» ብሎኛል። እኔ የማውቀው እጀታ፣ ማጠፊያ፣ ቁልፍና ምስማር ነው። በዚህች በናይሮቢ ልጆቼን ያሳደግሁት እሱን ሸጬ ነው። ስለዚህ በየቤታችን ስላሉት የእንጨት ዕቃዎችና ስለ ጌጣቸው ጥቂት ላውጋችሁ።

ከአገር ቤት የመጣ ሳጥን ያላችሁ አላችሁ፤ መሳቢያ ያለው ረከቦት ያላችሁም አላችሁ። እዚህ ከመጣችሁ በኋላ በናስ ምስማር ያጌጠውን የላሙ ወይም የዛንዚባር ሳጥን የገዛችሁም አትጠፉም። ስዋሂሊው «ሳንዱኩ» ይለዋል፤ በእኛም አገር «ሰንዱቅ» የሚል አለ። ሁለቱም ቃላት ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። የዛንዚባር የድንጋይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000፣ የላሙ አሮጌ ከተማም በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ በእጅ የተቀረጹ የእንጨት በሮቻቸው እስከ ዛሬ ይደነቃሉ።

አንድ እጀታ ሲነቀል ብዙ ሰው ሱቅ መጥቶ «ሙሉውን በአዲስ ቀይርልኝ» ይላል። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ሙሉውን ብትገዙኝ አልጠላም። ምክሬ ግን የተሰበረውን ብቻ ቀይሩ፣ የተነቀለውንም አትጣሉ ነው። ለምን ቢሉ፣ የድሮው ናስ ተለጥፎበት የኖረው እንጨት ቀለሙ ከሌላው ይለያል። አዲሱ ጌጥ ካነሰ የድሮው ቅርጽ ጎልቶ ይታያል። ያን ለማጥፋት እንጨቱ ይላጋል። ከተላገ በኋላ ግን የእናታችሁ እጅ ያለሰለሰው ሳጥን የለም፤ ሌላ ሳጥን ሆኗል።

መቀየር የግድ ሲሆን እነዚህን አስቡ።

አንደኛ፣ ልኩ። ከአንዱ ብሎን ቀዳዳ መሐል እስከ ሌላው ቀዳዳ መሐል ለኩ። የዛሬ እጀታዎች በብዛት 64፣ 96 ወይም 128 ሚሊ ሜትር ናቸው። ከድሮዎቹ ብዙዎቹ በኢንች የተሠሩ ናቸው፤ ሦስት ኢንች 76 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በዓይን ግምት የተገዛ እጀታ አዲስ ቀዳዳ ያስበሳል። አሮጌውን ይዞ ሱቅ መምጣት ከሁሉ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ማዕድኑ። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው፤ ማግኔት አይስበውም። ማግኔቱ ከተጣበቀ ናስ የተቀባ ብረት ነው፤ ቅቡ ሲላጥ ይዝጋል። ካልተጣበቀም ከጀርባው ትንሽ ጫር አድርጉት። ውስጡ ቢጫ ከሆነ ናስ ነው፤ ግራጫ ከሆነ ግን ቅብ ነው።

ሦስተኛ፣ ብሎኑ። የናስ ብሎን ለስላሳ ስለሆነ በጠንካራ እንጨት ውስጥ ይሰበራል። በመጀመሪያ በዚያው መጠን የብረት ብሎን አስገብታችሁ መንገዱን አስይዙ፤ ከዚያ እሱን አውጥታችሁ የናሱን አስገቡ። ቀዳዳው ከሰፋ ወፍራም ብሎን አትፈልጉ፤ ቀጭን የእንጨት ስንጣሪ በኮላ ሙሉትና ሲደርቅ እንደገና እሰሩት።

አራተኛ፣ ጽዳቱ። የድሮ ናስ ጠቆር ማለቱ ዕድሜው ነው፤ ሁልጊዜ መፈተግ የለበትም። ለበዓል ካማራችሁ በጥቂት ሎሚና ጨው አሹት፤ ሎሚው እንጨቱን እንዳይነካ ዙሪያውን በወረቀት ሸፍኑ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ወዲያው አድርቁት።

አንዱ ጌጥ ጠፍቶ አቻው በሱቅ ከታጣ፣ ካሙኩንጂ ሂዱ። እዚያ ያሉት የጁዋ ካሊ አንጥረኞች የተማሪ ቆርቆሮ ሳጥን ሲቀጠቅጡ የሚውሉ ባለሙያዎች ናቸው። የቀረውን ለናሙና አሳዩአቸው። ዋጋውን ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ!

የጅማ በርጩማ ያላችሁ ደግሞ፣ እሱ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው፤ ምስማር አያውቅም። ላሳምረው ብላችሁ ናስ እንዳትመቱበት።

በመጨረሻ፣ የተነቀለውን አሮጌ እጀታ በከረጢት አድርጋችሁ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡ። ሳጥኑ የማን እንደነበረ፣ ከየት አገርና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደመጣ የሚገልጽ ወረቀትም ጨምሩበት። እዚህ ናይሮቢ የተወለዱት ልጆቻችን ነገ ሳጥኑን ሲከፍቱ አያታቸው ከማን ቤት እንደሆኑ ያነባሉ። እኛ በሕይወት እያለን ካልጻፍነው የሚነግራቸው አይኖርም።