የሙያ ትውውቅና የሥራ በር



በየመሥሪያ ቤቱ «ሰው አለው» የሚባል አነጋገር አለ። ይህ አነጋገር ሲነገር ሐሜት እንጂ አድናቆት አይከተለውም፤ አንድ ባለሙያ ሹመት ወይም ዕድገት ያገኘው በችሎታው ሳይሆን በዘመዱ ነው ለማለት ነው። ከዚህም የተነሣ ብዙ ወጣት መሐንዲስ ዲፕሎማውንና ሥራውን ብቻ ተማምኖ፣ ከሙያ ባልደረቦቹ ጋር መተዋወቅን እንደ ልመና እየቆጠረ ይሸሻል። ሐሜቱ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ዝምድናና የሙያ ትውውቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ልዩነታቸውንም የቶማስ ቴልፎርድ የሕይወት ታሪክ ያስረዳል።

ቴልፎርድ እ.ኤ.አ. በ1757 በስኮትላንድ ከአንድ እረኛ ተወለደ። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለ ሞተበት በድህነት አድጎ ድንጋይ ጠራቢ ሆነ። በዚያው አገር ይኖሩ የነበሩ ወይዘሪት ፓዝሊ የንባብ ፍቅሩን አይተው መጻሕፍት ያውሱት ነበር። በ1782 ወደ ለንደን ሲሄድ እኒሁ ወይዘሪት በከተማው ነጋዴ ለነበሩት ወንድማቸው ደብዳቤ ጻፉለት፤ ነጋዴውም በተራቸው ከታወቁት የሕንፃ ባለሙያዎች ከሮበርት አዳምና ከሰር ዊሊያም ቼምበርስ ጋር አስተዋወቁት። በዚህም ምክንያት ሶመርሴት ሃውስ በተባለው ታላቅ ሕንፃ ላይ የጠራቢነት ሥራ አገኘ። ደብዳቤው ያደረሰው እስከ በሩ ድረስ ነበር፤ ከበሩ ወዲያ የመሰከረለት የጠረበው ድንጋይ ነው። በ1826 ለመንገደኛ የተከፈተውና የመካከለኛው ተንጠልጣይ ክፍሉ 176 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የሜናይ ድልድይ የዚሁ የእረኛ ልጅ ሥራ ነው።

ዘመድ ችሎታን ሳይጠይቅ ቦታ ይሰጣል፤ የሙያ ወዳጅ ግን ያየውን ሥራ ይመሰክራል። የመጀመሪያው የሌላውን ሰው ዕድል ይነጥቃል፤ ሁለተኛው አሠሪው ያላወቀውን ችሎታ ያሳውቃል።

ወይዘሪት ፓዝሊ የቴልፎርድ ሥጋ ዘመድ አልነበሩም፤ ነጋዴውም ከዚያ በፊት አያውቁትም ነበር። ይህ በአጋጣሚ የሆነ ብቻ አይደለም። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጽሑፍ፣ በቦስተን አካባቢ በትውውቅ አማካይነት አዲስ ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን ጠይቆ ነበር። ሥራውን የጠቆማቸውን ሰው ዘወትር ያገኙት የነበሩት ከመቶ 16.7 ብቻ ሲሆኑ፣ አልፎ አልፎ ያገኙት የነበሩት 55.6፣ እጅግ በጥቂቱ ያገኙት የነበሩት ደግሞ 27.8 ሆነው ተገኙ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የቅርብ ወዳጆች በአንድ ስፍራ ስለሚውሉ አንዱ የሰማውን ሌላውም ሰምቶታል። አዲስ ነገር የሚመጣው በሌላ መሥሪያ ቤትና በሌላ ከተማ ከሚውለው፣ በዓመት አንድና ሁለት ጊዜ ብቻ ከሚታየው ሰው ነው።

የሙያ ማኅበር ጥቅምም ከዚህ ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በጥር 1818 ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመርና ጥቂት ወጣት ጓደኞቹ በለንደን በአንድ ቡና ቤት ተሰብስበው የሲቪል መሐንዲሶችን ኢንስቲትዩት መሠረቱ። ማኅበሩ ሁለት ዓመት ያህል ትንሽ ሆኖ ቆየ። በ1820 ግን ወጣቶቹ ስመ ጥር የነበረውን ቴልፎርድን ፕሬዚዳንት እንዲሆን ጠየቁት፤ እርሱም ተቀበለ። መጻሕፍት ሰጣቸው፤ አባላቱም በሥራ ላይ ያዩትን እየጻፉ ለስብሰባ እንዲያቀርቡ አበረታታ። በ1828 ማኅበሩ በንጉሥ ቻርተር የሕግ ሰውነት አገኘ። በወጣትነቱ በር የተከፈተለት ሰው በሽምግልናው ለሌሎች በር ከፈተ።

በአገራችንም የትውውቅ ዋጋ ከሥራ ማግኘት ይበልጣል። ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ላይ ያለ በቂ ጥንቃቄ የቆመውንም ቤት ግድግዳ ይሰነጥቃል። በዚያው ሰፈር አስቀድሞ የሠራ መሐንዲስ ይህን በገንዘብ ኪሳራ ተምሮታል። አዲስ የሚመጣው ባልደረባ ካላወቀውና ካልጠየቀው ግን ያንኑ ትምህርት ሁለተኛ ጊዜ በሕዝብ ገንዘብ ይገዛዋል።

ስለዚህ ወጣቱ መሐንዲስ ወደ ስብሰባ ሲመጣ ሥራ ለመለመን ሳይሆን አንድ ጥያቄና አንድ ልምድ ይዞ ይምጣ። ከማያውቀው ሰው አጠገብ ይቀመጥ። ምክር የሰጠው ሰው ቢኖር ምክሩ ምን ውጤት እንዳስገኘ መልሶ ይንገረው፤ ትውውቅ ሥር የሚሰደው በዚህ ነውና። ነባሩም ባለሙያ ያላየውን ሥራ አይመስክር፤ ያየውን መልካም ሥራ ግን፣ የማን ወገን ነው ሳይል፣ ሳይጠየቅም ይናገር። ዝም ያለ እንደሆነ ቦታውን ለዘመድ ይለቃል።

ይህ የተለመደ ጊዜ «ሰው አለው» የሚለው አነጋገር ትርጉሙ ይለወጣል፤ ሥራውን አይተው የሚመሰክሩ ሰዎች አሉት ማለት ይሆናል። ያን ጊዜ ቃሉ ለማንም መሐንዲስ ክብር እንጂ ነውር አይሆንም።