ብራውዘሮች ራሳቸውን በማን ስም ይጠራሉ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ስለ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሥራዋ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም የብራውዘር ስም ስትጠየቅ ስሙን በአንድ መስመር ጽፋ መመለስ ነው። «ይህ ደግሞ ምን ያስወራል?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ከዚህች መስመር በስተጀርባ ሠላሳ ዓመት የቆየ ክርክር አለ፤ እርሱም እንግዳ የሚመዘነው በስሙ ነው ወይስ በችሎታው? የሚል ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምናገረው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ድረ ገጽ በከፈትን ጊዜ ብራውዘራችን ወደ ሩቁ ሰርቨር መልእክት ይልካል። በመልእክቱም ውስጥ «እኔ እገሌ ነኝ፤ እትሜ ይህን ያህል ነው፤ የምሠራውም በዚህ ዓይነት መሣሪያ ላይ ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። ብራውዘሩ ስለ እኛ ሆኖ የሚሄድ ስለ ሆነ ጽሑፉ የተጠቃሚ ወኪል ስም ይባላል። ሰርቨሩም እንደ በር ጠባቂ ስሙን ሰምቶ ገጹን ይሰጣል፤ አንዳንድ ጊዜም «አንተን አናስተናግድም» ብሎ ይመልሳል።

በመጀመሪያ ስሞቹ እውነተኞች ነበሩ። በ1993 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሞዜይክ ራሱን ሞዜይክ ይል ነበር። በ1994 የወጣው ኔትስኬፕ ግን ራሱን ሞዚላ ብሎ ጠራ፤ ሌሎች የማያውቁትንም ነገር ማሳየት ይችል ስለ ነበር ብዙ የድረ ገጽ ባለቤቶች ያማረው ገጽ ሞዚላ ለተባለ፣ ተራው ለሌላው እንዲሰጥ ሰርቨሮቻቸውን አዘዙ። ማይክሮሶፍት በ1995 ሁለተኛውን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሲያወጣ ነገሩን ተረዳ፤ ፕሮግራሙንም ሞዚላ ነኝ አሰኝቶ እውነተኛውን ስም «ተስማሚ» ከሚል ቃል ጋር በቅንፍ ውስጥ አስገባው። ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙዎች ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። በ2008 የወጣው የጉግል ክሮም ዛሬም መስመሩን በሞዚላ ይጀምራል፤ ቀጥሎ የአፕልን ዌብኪት ይጠራል፤ «እንደ ጌኮ» ይላል፤ ጌኮ ግን የፋየርፎክስ ሞተር ነው፤ የራሱን ስም ጣል አድርጎ በሳፋሪ ይጨርሳል። የራሱን ዘር ቆጥሮ አልበቃው ብሎ የጎረቤቱን አያት የሚጨምር ሰው ይመስላል።

ያዕቆብ በጠቦት ቆዳ ተሸፍኖ ወደ አባቱ የገባበትን ታሪክ የተማርን ሁሉ ይህ አይደንቀንም። ይስሐቅ እንደሚዳስስ ስለ ታወቀ ለዳሰሳ የሚሆን ነገር ተዘጋጀለት፤ ሰርቨሮቹም ስም ብቻ ስለ ዳሰሱ ስም ተለበሰላቸው። ከሁሉ የሚያስቀው በ2009 በኦፔራ ላይ የደረሰው ነው። ኦፔራ እትም 10ን ሲያወጣ አንዳንድ ገጾች የመጀመሪያውን አኃዝ ብቻ እያነበቡ 10ን 1 አደረጉት፤ ስለዚህ ኦፔራ 9.80 ነኝ ብሎ ጽፎ እውነተኛውን ቁጥር ወደ መጨረሻ ወሰደው።

አሁን ወደ ፕሮግራሟ ልመለስ። ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ጥቁር መስኮት ውስጥ ስሟን ጽፈን «ክሮም፣ አንድሮይድ» ብንላት በዚያ ስልክ ያለ ክሮም የሚናገረውን መስመር ታወጣልናለች። መስመሩን ከርል ለሚባለው ፕሮግራም እንሰጠዋለን። ከርል በስዊድናዊው ዳንኤል ስቴንበርግ ተሠርቶ ከ1998 ጀምሮ በዚህ ስም የሚታወቅ፣ ከሰርቨር ገጽ የሚያመጣ መሣሪያ ነው። እንደ ልማዱ «ከርል ነኝ» ይላል፤ ሌላ ስም ከሰጠነው ግን በዚያ ስም ይሄዳል። ስሙ የሚለውጠው ሰርቨሩ የሚሰጠውን ነው እንጂ ገጹ በስልኩ ላይ እንዴት እንደሚታይ አይነግረንም።

ቢሆንም ጥቅሙ ቀላል አይደለም። አንድ ተማሪ በአሮጌ ስልክ ለፈተና ሊመዘገብ ገጹን ሲከፍት «ብራውዘርህን ለውጥ» ተብሎ ቢመለስ፣ ስልኩ ቅጹን ማሳየት እየቻለ የከለከለው ስሙ ብቻ ሊሆን ይችላል። የገጹ ሠሪ ግን በአዲስ ኮምፒዩተር ስለሚሠራ ይህን አያይም። አሥር ስልክ ሳይገዛ በአሥር ስም ራሱን በር ቢያንኳኳ ማን እንደ ተመለሰ ባንድ ሰዓት ያውቅ ነበር። ከዚህም የሚሻለው ገጹ ራሱ ብራውዘሩን «ይህን ሥራ ታውቃለህን?» ብሎ እንዲጠይቀው አድርጎ መጻፍ ነው፤ ይህም ከተለመደ ቆይቷል፤ የማይጠቀሙበት ግን አሁንም አሉ።

ይህ ታዲያ ሐሰት አይደለምን? የሚለኝ ይኖራል። የራስን በር ለመፈተን የሰው ስም መዋስ በእኔ አሳብ በደል የለበትም። ባለቤቱ የከለከለውን ገጽ በብዛት ለመሰብሰብ ስም መለወጥ ግን ሌላ ነው። ደግሞም ሁልጊዜ አይሳካም፤ ዛሬ ብዙ ሰርቨሮች ከስሙ ሌላ ፕሮግራሙ የምስጢር ግንኙነቱን እንዴት እንደሚጀምር ስለሚመለከቱ፣ የዔሳው እጅ ቢኖርም የያዕቆብ ድምፅ ይታወቃል።

ረዥሙ ስም ባለቤቱንም ያጋልጣል። ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በ2010 ባወጣው ጥናት 470,161 ብራውዘሮች ተመርምረው፣ ስማቸው ከፊደላቸው ዓይነትና ከመሰሉት ምልክቶች ጋር ሲደመር ከመቶ 83.6 የሚሆኑት አምሳያ አልነበራቸውም። ስለዚህ ክሮም ከ2022 ጀምሮ ከዋናው የእትም ቁጥር በኋላ ያሉትን አኃዞች ዜሮ አደረጋቸው፤ በዊንዶውስ 11 ላይ ሲሠራም ዊንዶውስ 10 ብሎ ይጽፋል።