አድጎ የመጣ ልጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የዛሬው ንግግሬ አገራቸውን ትተው በአሜሪካ ስለሚኖሩ ወገኖቻችን፥ ከእነርሱም መካከል ያልወለዱትን፥ ያውም ነፍስ ያወቀውን ልጅ የራሳቸው ሊያደርጉ ቤታቸውን ስለ ከፈቱት ነው። በአገር ቤት የምትሰሙኝ፥ «ይህ እኛን ምን ያገባናል?» አትበሉ። በዚያ ቤት ያለችው እኅታችሁ ወይም ልጃችሁ ትሆናለች፤ በስልክ የምትመክሯት እናንተ ናችሁ፤ ምክራችሁም ሁልጊዜ የሚያንጽ አይደለም።

መርዶክዮስን አስቡ። ከኢየሩሳሌም ከተማረኩት ወገን ሆኖ በፋርስ ንጉሥ ከተማ በሱሳ በስደት ይኖር ነበር። የአጎቱ ልጅ አስቴር አባትም እናትም ስለ ሞቱባት እንደ ልጁ አድርጎ አሳደጋት። መጽሐፉ ስለ አስተዳደጓ ብዙ አይነግረንም፤ አንዲት ነገር ግን ሳይጽፍ አላለፈም። አስቴር ወደ ንጉሡ ቤት ከተወሰደች በኋላ መርዶክዮስ ደኅንነቷን ለማወቅ በየቀኑ በሴቶቹ ቤት አደባባይ ፊት ይመላለስ ነበር። ልብ አድርጉ፤ ከእንግዲህ በንጉሥ እጅ ናት፤ «የእኔ ድርሻ እዚህ ላይ አበቃ» ቢል ማንም ባልወቀሰው። እርሱ ግን በየቀኑ ይሄድ ነበር። ስለ አባትነት ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ እኔ ግን ከዚህ ምልልስ የበለጠ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

ቀድሞ ጉዲፈቻ ሲባል ሁላችን የምናስበው ከአገራችን ወጥተው ስለሚሄዱ ሕፃናት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ከ15,000 በላይ ልጆች ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ ሄደዋል፤ በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ሰዎች ኢትዮጵያዊ ሕፃን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ በሕግ ከለከለ። ዛሬ የምነግራችሁ ነገሩ ተገልብጦ ነው፤ ኢትዮጵያውያን በሰው አገር ሆነው የዚያን አገር ልጅ ሲቀበሉ ነው። በአሜሪካ ወላጆቻቸው ሊያሳድጓቸው ስላልቻሉ ወይም ስለ በደሏቸው ፍርድ ቤት ለይቶ በመንግሥት ጥበቃ ሥር ያደረጋቸው ልጆች እ.ኤ.አ. በ2023 ከ300,000 በላይ ነበሩ። ብዙዎቹ ወደ ወላጅ ወይም ወደ ዘመድ ይመለሳሉ፤ ለማይመለሱት አሳዳጊ ይፈለጋል። ሕፃናቱ ቶሎ ፈላጊ ያገኛሉ፤ ከፍ ያሉት ግን ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ከ18,000 በላይ ወጣቶች ቋሚ ቤተሰብ ሳያገኙ ዕድሜያቸው ሞልቶ ከጥበቃው ወጥተዋል።

አሁን የምነግራችሁን ቤት የማን ነው ብላችሁ አትፈልጉ። የንስሐ ልጅን ምሥጢር ማውጣት ለካህን ክልክል ነው፤ በልዩ ልዩ ቤቶች የሚሆነውን በአንድ ጣራ ሥር ሰብስቤ ነው የምናገረው።

ባልየው ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ ሚስቲቱ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ልጅ አልወለዱም። ልጁ ከመምጣቱ በፊት የጣት አሻራ ሰጡ፥ ሥልጠና ተቀመጡ። አንዲት የመንግሥት ሠራተኛም መጥታ ቤታቸውን ክፍል በክፍል ተመለከተች፤ «መድኃኒት የምታስቀምጡበት ይቆለፋል ወይ? ገቢያችሁ ስንት ነው? እናንተስ በልጅነታችሁ ስታጠፉ እንዴት ትቀጡ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ይህ የኋለኛው ጥያቄ ለወገኖቻችን ይከብዳል። በዚያ አገር በጥበቃ ሥር ያለን ልጅ መምታት ክልክል ነው፤ እኛ ደግሞ በአርጩሜ ያደግን ሰዎች ነን። ነገር ግን ቀድሞ የተደበደበ ልጅ እጅ ሲነሣበት የሚታየው ምክር አይደለም፤ የሸሸው ቤት ነው። ሕጉ መልካም አድርጓል እላለሁ።

ልጁ የ11 ዓመት ልጅ ነው። ልብሱን ሁሉ በጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ አጭቆ መጣ፤ ይህ ለእርሱ አምስተኛ ቤት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንደ እንግዳ ተቀመጠ፤ የሰጡትን በላ፥ ያዘዙትን አደረገ። ሚስቲቱም ደስ ብሏት «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ብላ ለዘመድ ሁሉ ነገረች። ያ ግን ጨዋነት ሳይሆን ፍርሃት ነበር። አንድ ቀን አንሶላ ስትቀይር ከትራሱ ሥር የሻገተ ዳቦ አገኘች፤ በመሳቢያው ውስጥ ደግሞ ሙዝ፥ ብስኩት፥ የዶሮ አጥንት ሳይቀር። «ሌባ ነው እንዴ?» የሚለው ቃል ከአፏ ሊወጣ ጥቂት ቀረው። ርቦት ያደረ ልጅ ዛሬ ቢጠግብም ነገን አያምንም፤ ማዕዱ ሞልቶ እያየ ለክፉ ቀን ይሸሽጋል። ይህን ያስረዷት ሰዎች በመኖራቸው እግዚአብሔር ይመስገን። ትንሽ ቅርጫት ገዝታ ዳቦና ፍራፍሬ ሞላችበትና በአልጋው ራስጌ አኖረችለት፤ «ይህ የአንተ ነው፤ ሲጎድል እሞላዋለሁ» አለችው። በየማታው ትሞላዋለች።

እንጀራውን ቀምሶ «ኮመጠጠኝ» አለ። አማርኛ አይሰማም፤ እነርሱ በአማርኛ ሲነጋገሩ ስለ እርሱ የሚያወሩ ይመስለዋል፤ ስለዚህ እርሱ ባለበት በእንግሊዝኛ ለመነጋገር ተስማሙ። በገዛ ቤታቸው አፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ማስቀመጣቸው ቀላል መሥዋዕትነት እንዳይመስላችሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባም እነርሱ ሽሮ ይበላሉ፥ ለእርሱ ዶሮ ይጠበሳል። አንዲት ጎረቤት ይህን አይታ «በሁዳዴ ዶሮ ትጠብሺያለሽ?» ብላ ወቀሰቻት። ያልተጠመቀን፥ ያውም በረኃብ የቆሰለን ልጅ በግድ ማስጾም ምንም ጽድቅ የለበትም፤ ያቺ ጎረቤት ይህን ንግግር የምትሰማ ከሆነ አንድ ቀን ዶሮውን እርሷ ጠብሳ ብታመጣ ይሻላል።

ባልየው ማታ ወደ ሥራ ሲወጣ ልጁ በመስኮት ቆሞ መኪናውን ያያል። በሁለተኛው ወር አንድ ማታ «ትመለሳለህን?» ብሎ ጠየቀው። «ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የማደርስህ እኔ ነኝ» ብሎ መለሰለት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ዓይኑን እያሸነፈው እንኳ አንድም ጠዋት አልቀረም። መርዶክዮስ በአደባባዩ ፊት የተመላለሰው ምልልስ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

በአምስተኛው ወር ግን ልጁ ተለወጠ፤ ወይም እውነተኛው ማንነቱ ብቅ አለ። በር ይወረውራል፤ ከትምህርት ቤት ስለ ጠብ ይደወላል፤ ሚስቲቱን «አንቺ እናቴ አይደለሽም» ይላታል። እናቱ በሕይወት አለች፤ በልደቱ ቀን ስለ እርሷ አለቀሰ። ሚስቲቱም ተከፋች፤ ወደ እናቷ ወደ አገር ቤት ደውላ አለቀሰች። እናትም እንደ ብዙ እናቶች «ልጄ፥ የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ ወረቀቱ ሳያልቅ መልሺው» አለቻት።

ምእመናን፥ የዛሬው ነገሬ ሁሉ ስለዚህች ቃል ነው። «መልሺው» ወዴት? ወደ ስድስተኛ ቤት። ያ ልጅ አስቀድሞ በልቡ የሚያምነው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም «ክፉ ከሆንሁ ይተዉኛል» የሚል ነው። በር የሚወረውረውም ይህን ሊፈትን ነው። እንግዲህ ብንመልሰው ያመነውን እናጸናበታለን። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ለተዋሱት ጌጥ ይሁን፤ ለልጅ ግን አይሆንም። እኛስ ማን ነን? አሕዛብ ሳለን፥ በኃጢአት ካደግን በኋላ፥ በጥምቀት ልጅነትን የተቀበልን የሰው ወርቅ አይደለንምን? ሐዋርያው ጳውሎስ ልጅነትን ጸጋ ብሎ አስተማረን እንጂ ደመወዝ አላለውም። ከተጠመቅን በኋላ ስንት በር ወርውረናል! አባታችን ግን አልመለሰንም።

ያዕቆብም ትልልቆችን ልጆች ተቀብሏል። በግብፅ ምድር እንግዳ ሆኖ ሲኖር የዮሴፍን ልጆች ኤፍሬምንና ምናሴን እንደ ሮቤልና እንደ ስምዖን የራሱ አድርጎ ቈጠራቸው። እናታቸው የግብፅ ካህን ልጅ አስናት ናት፤ እነርሱም ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። የእኛም አባቶች የጡት ልጅ፥ የማር ልጅ እያሉ ትልቅ ሰው እንኳ በወግ ልጅ ያደርጉ ነበር። «አድጎ የመጣ ልጅ ልጅ አይሆንም» የሚለውን ነገር ከየት እንዳመጣነው አላውቅም።

ይህን ስል የደከሙትን ለመውቀስ አይደለም። ቤቱ የሚደክመው ብቻውን ሲተው ነው። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም «ይህ የማን ልጅ ነው? አይመስላችሁምሳ!» እያላችሁ የምትጠይቁ እባካችሁ ተዉ፤ ልጁ አማርኛ ባይሰማም ፊታችሁን ያነባል። ይልቅስ አንድ ቅዳሜ ልጁን ኳስ ሊያጫውት የሚወስደው፥ ሚስቲቱንም ቡና የሚያጠጣት ሰው ይገኝ። ልጁንም የሚያክሙ የነፍስ ሐኪሞች በዚያ አገር አሉ፤ ወደ እነርሱ መሄድ ከጸሎት ጋር አይጣላም።

ስለ ጥምቀትም የሚጠይቁኝ አሉ። ጉዲፈቻው ሳይጸድቅ አሳዳጊዎች በገዛ ፈቃዳቸው የልጁን ሃይማኖት ሊለውጡ አይገባም፤ ሕጉም እስከዚያ የወላጆቹን መብት ይጠብቃል። ከጸደቀም በኋላ የ11 ዓመት ልጅ እንደ 40 ቀን ሕፃን ታቅፎ አይመጣም፤ ይማር፥ ይጠይቅ፥ በፈቃዱ ይቅረብ። ስሙንም አትንጠቁት፤ አስቴር ሀደሳ የሚባል ስም ነበራት፥ መጽሐፉም ሁለቱንም ጽፎ አቆየልን። የእናቱንም ስም በማታ ጸሎት ጥሩለት። ለእርሷ የሚጸልይ ቤት ለእርሱ የሚያስፈራ ቤት አይሆንም።

ወደዚያ ቤት ልመለስ። ሚስቲቱ ስልኩን ዘጋች፤ ልጁን ግን አልመለሰችውም። በጥቂት ግዛቶች ሕግ 10፥ በብዙዎቹ 12 ወይም 14 ዓመት የሞላው ልጅ ራሱ ካልፈቀደ ጉዲፈቻው አይጸድቅም፤ በአገራችንም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ፍርድ ቤቱ የልጁን ሐሳብ እንዲያውቅ ያዛል። እንግዲህ ዳኛው «እነዚህ አባትና እናት ይሁኑህን?» ብሎ ልጁን የሚጠይቅበት ቀን ይመጣል። የዚህ ቤት ቀጠሮ ገና ነው፤ ምን ብሎ እንደሚመልስ አያውቁም። ሚስቲቱ ዛሬ ማታም ቅርጫቱን ትሞላለች፤ ባልየው ነገ ጠዋት ከሌሊት ሥራው ተመልሶ በር ላይ ይቆማል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።