የሰደድ እሳት ግርማና የጎረቤት መከራ

አቅራቢው፦ እኅቴ ሆይ፤ በካሊፎርኒያ የሚነሣውን ሰደድ እሳት ለዓመታት በሌሊት ፎቶግራፍ ሲያነሣ የኖረው ስቱዋርት ፓሊ በ2018 እ.ኤ.አ. «ቴራ ፍላማ» ብሎ ያሳተመውን መጽሐፍ ስመለከት፣ ከዋክብት በመሉበት ሰማይ ሥር ኮረብታው ሲያበራ አይቼ፣ ግርማውን ከማድነቄ አስቀድሞ የሚነደው የማን ርስት ነው የሚል ጥያቄ ኅሊናዬን ወጋው።

አቅራቢዋ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን ካሜራው በሦስት እግር ቆሞ ዐይኑ ለብዙ ሰከንድ ተከፍቶ ሲቆይ፣ እኛ እንደ ነጥብ ብቻ የምናየው ፍንጣሪ ረጅም የብርሃን መስመር ሆኖ ይሣላልና፣ ነፋሱ ነበልባሉን ወዴት እንደሚነዳው ይገልጣል። ስለዚህ ውበቱን ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም።

አቅራቢው፦ ሐሰት ባይሆንም ጭንቀቱን ይሰውራል። በጃንዋሪ 2025 በሎስ አንጀለስ አውራጃ የፓሊሴድስና የኢተን ቃጠሎዎች ከ16000 የሚበልጡ ሕንፃዎችን ባወደሙ ጊዜ፣ ባለካሜራው ራሱ የሰፈሩ ሰው ቢሆን፣ አረጋዊት ጎረቤቱ ልብሷን ጠቅልላ ስትሸሽ እያየ እጁን የሚዘረጋው ለሥዕል ነው ወይስ ለረድኤት?

አቅራቢዋ፦ ለረድኤት ነው እንጂ! የመውጫ ትእዛዝ ከታወጀ በኋላም ለሥዕል ብሎ በጠባብ መንገድ መኪናውን የሚያቆም ሰው የእሳት አጥፊዎችን ጉዞ ያሰናክላል፤ ይህም ብርቱ በደል ነው። ሕዝቡ ከወጣ በኋላ ከአስተማማኝ ስፍራ የተነሣውን ሥዕል ግን እቀበላለሁ፤ ሆኖም በግርጌው ቀኑና የተቃጠለው መንደር ስም ካልተጻፈበት፣ ከቤቴ ግድግዳ ላይ አልሰቅለውም።